ከ«አይሰጥም» በኋላ ያለው ምክር

ያለ ሐኪም ማዘዣ አንቲባዮቲክ (ቫይረስን ሳይሆን ባክቴሪያን የሚያጠቃ መድኃኒት) የሚሸጡ መድኃኒት ቤቶችን የሚወቅስ ጽሑፍ አንብቤ ነበር፤ ወቀሳው ተገቢ ቢሆንም፣ ጽሑፉ መድኃኒቱን የተከለከለው ሰው በምትኩ ምን ይዞ ወደ ቤቱ እንደሚመለስ ሳይነግረን አልፏል። በፋርማሲ ባለሙያነቴ ደጋግሜ የማስተናግደው፣ አሞክሲሲሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ ባዶ ማሸጊያ አውጥቶ «ከዚሁ ስጠኝ፣ ባለፈው አድኖኛል» የሚለውን ደንበኛ ነው፤ ስንጨዋወት ግን ባለፈውም የያዘው ጉንፋን እንደነበረ፣ ጉንፋን ደግሞ በቫይረስ የሚመጣ በመሆኑ በራሱ ጊዜ እንደለቀቀው እንረዳለን። «አይሰጥም» ብቻ ብዬ የመለስሁት ሰው በቀጥታ መንገድ ተሻግሮ ማዶ ካለው ሱቅ ሲገባ በመስታወት አይቻለሁ። ሳሉ ከሳምንት በላይ ሊቆይ እንደሚችል፣ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል እንደሚበቃው፣ ሳሉ ሁለት ሳምንት ከደፈነ ግን የቲቢ ምርመራ እንደሚያስፈልገው በእርጋታ የነገርሁት ግን አብዛኛውን ጊዜ አመስግኖ ይሄዳል (ወረፋ የያዙት ቢያጉረመርሙም)። ለሕፃን ተቅማጥም ቢሆን፣ ደም እስካልቀላቀለና ሌላ የአደጋ ምልክት እስከሌለ ድረስ፣ የሚያስፈልገው ኦአርኤስ (በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣ የጨውና የስኳር ዱቄት) እና ከ10 እስከ 14 ቀን የሚሰጥ ዚንክ ነው።

በቶንሲል ጉዳይ ግን እኔም ጥንቃቄ አበዛለሁ። በባክቴሪያ የመጣ የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ሲቀር የሚያስከትለውና የልብን በሮች የሚጎዳው የሩማቲክ የልብ ሕመም በአገራችን ገና ስላልጠፋ፣ ሳልና ንፍጥ ሳይኖረው በትኩሳትና በጉሮሮ ሕመም የሚሠቃይ ልጅ ይዛ የመጣችን እናት ሳልውል ሳላድር ወደ ጤና ጣቢያ እልካታለሁ።