ለማጁ የሚያበላሸው ብረት የማን ነው?

ቶርኖ፣ ብረትን እያዞረ የሚልጠው ማሽን፣ ያለበት ቤት ገብቶ ለማያውቅ ሰው ከአንድ ስህተት ልጀምር።

የወፍጮ ዘንግ እየሠራህ ነው እንበል። ኩሽኔታው (ዘንጉን ይዞ የሚያዞረው ቀለበት) የሚቀመጥበት ቦታ ውፍረቱ 25 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ማሽኑ ላይ ያሰርከው ብረት አሁን 26 ነው። አንድ ሚሊሜትር ቀርቶሃል። እጀታውን ይዘህ፣ ቁጥሩን እያየህ፣ አንድ ሚሊሜትር ታስገባለህ። ማሽኑ ይልጣል። መለኪያውን፣ ካሊበሩን፣ ታስጠጋለህ። 24 ይላል።

ምን ሆነ? ብረቱ እየዞረ ነው። ብረቱን የሚቆርጠው ምላጭ የሚነካው በአንድ በኩል ቢሆንም የሚልጠው ዙሪያውን ነው። አንድ ሚሊሜትር ስታስገባ ከዚህም ከዚያም አንድ አንድ ይሄዳል። ማስገባት የነበረብህ ግማሽ ነበር። አንዳንድ ማሽን ላይ ደግሞ ቁጥሩ ራሱ ውፍረቱን ይቆጥራል፤ እዚያ አንድ ብታስገባ አንድ ብቻ ነው የሚቀንሰው። ስለዚህ ሰው በማያውቀው ማሽን ላይ ሲቆም መጀመሪያ በትንሹ ልጦ ይለካል። ይህን ሁሉ አስተማሪው ሰሌዳ ላይ ጽፎልህ ይሆናል። ፈተና ላይም በትክክል መልሰኸው ይሆናል። እጅህ ግን ገና አላወቀውም። እጅ የሚያውቀው አንድ ዘንግ ካበላሸ በኋላ ነው።

24 የሆነ ዘንግ ደግሞ ተመልሶ 25 አይሆንም። ወይ በብየዳ ሞልተህ እንደገና ትልጠዋለህ፣ ወይ ትጥለዋለህ። ዘንጉን በሹል ብረት እየወጉ ነጠብጣብ በማብዛት ኩሽኔታውን የሚያስይዙም አሉ። ለጊዜው ይይዛል። ብዙም ሳይቆይ ይላላል፣ ደንበኛውም ተቆጥቶ ይመለሳል።

ይህን ስህተት የሠራሁት የቴክኒክና ሙያ ተማሪ ሆኜ አፓረንት፣ ማለትም ድርጅት ውስጥ ለተግባር ልምምድ፣ በወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ብረቱ የደንበኛ ነበር። አለቃችን ካሊበሩን ከእጄ ተቀብሎ ራሱ ለካ። ደግሞ ለካ። አልጮኸብኝም።

«በቃ አንተ ልጅ፣ ከማሽኑ ራቅ» አለኝ።

«እሺ ጋሼ» አልኩ።

የቀረውን ጊዜ ወለል ጠረግኩ። ከብረት የተላጠ ፍቅፋቂ በማዳበሪያ ከረጢት ሞላሁ። ሻይ አመላለስኩ። ጊዜዬ ሲያልቅ የሠራሁት የሚመዘገብበት ሎግ ቡኬ ተሞልቶ ማኅተም ተመታበት። ቶርኖ ሠርቷል፣ ፍሬዛ (ብረት መጥረቢያ ማሽን) ሠርቷል፣ ትራፓኖ (መብሻ) ሠርቷል ይላል። ፍሬዛውን የነካሁት ስጠርገው ብቻ ነበር።

በዚያ ሰው ለዓመታት ተቀይሜ ኖሬያለሁ። አሁን ለእኔም ለማጅ ሲላክልኝ ግን ነገሩ የጠባይ ጉዳይ እንዳልነበረ ገብቶኛል። ያን ዘንግ ኮሌጁ አልከፈለውም። ደንበኛው አይከፍልም፣ ለምን ብሎ? እኔ የታክሲ እንኳ አልነበረኝም። የከፈለው እሱ ነው። ሌላ ብረት ገዝቶ፣ አምሽቶ፣ ሥራውን ከዜሮ ጀመረ። ሁለተኛ ጊዜ እንድሞክር ያልፈቀደው ስለጠላኝ አይመስለኝም። አቅሙ ስላልቻለ ነው።

ጽሑፉን የምጽፈው በዚህ ምክንያት ነው። የትብብር ሥልጠና የምንለው አሠራር ዋናውን ወጪ ረስቶታል። ብረት ሳያበላሽ የተማረ ቶርኖ ሠራተኛ የለም። የሚበላሸውን ብረት የሚከፍል ግን አልተመደበም።

አሠራሩን ለማያውቅ አንባቢ፦ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናችን በአብዛኛው ከጀርመን ልምድ የተቀዳ ነው። 70 በመቶው ድርጅት ውስጥ በተግባር፣ 30 በመቶው ኮሌጅ ውስጥ ይሰጥ ተብሎ ነው የተቀመጠው። ተማሪው ሲጨርስ የብቃት ምዘና ይወስዳል፤ ሁላችንም ሲኦሲ የምንለው። ሐሳቡ ትክክል ነው። እኔ በሙሉ ልቤ እደግፈዋለሁ። ማሽን ከመጽሐፍ አይለመድም።

ነገር ግን 70 በመቶው የሚለመደው በማን ብረት ላይ ነው? እስካሁን የደረሱኝ የኮሌጅ ደብዳቤዎች ላይ የተማሪው ስም አለ። የሙያ ዘርፉ አለ። የሚቆይበት ጊዜ አለ። «አስፈላጊውን ትብብር እንድታደርጉልን» የሚል አለ። ብረት የለም።

ዘንግ የምንሠራበት ብረት የሚመጣው ከውጭ ነው። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ከዚያ ወዲህ ብረት ስንቆርጥ ሁለት ጊዜ ነው የምንለካው። የአንድ ትንሽ ወርክሾፕ ባለቤት በዚህ ዋጋ የገዛውን ብረት ለማያውቀው ልጅ ሰጥቶ «እንካ፣ አበላሽ» እንዲል መጠበቅ ከባድ ነው።

ለመሆኑ ስንት ብረት ነው የምናወራው? እስቲ እናስላው። 30 ሚሊሜትር ውፍረትና 10 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው ቁራጭ ከግማሽ ኪሎ ትንሽ ይበልጣል። አሥር ቁራጭ ብትሰጠው አምስት ኪሎ ተኩል ነው። አንዱ ቁራጭ ደግሞ አንዴ ብቻ አይደለም የሚሠራው። 28 አውጣ ስትለው ካበላሸ 26 ይሞክርበታል። እሱም ከተበላሸ 24። አምስት ኪሎ ተኩል ብረት ለአንድ ልጅ ሠላሳ ሙከራ ይሆናል። ሠላሳ ጊዜ ለክቶ፣ ልጦ፣ እንደገና የለካ ልጅ ለምዘና ሲቀርብ እጁ አይንቀጠቀጥም። እኔ ስቀርብ ግን ተንቀጥቅጧል። ወርክሾፕ ውስጥ ያላበላሸሁትን ብረት እዚያ መዛኙ ፊት አበላሸሁት።

ከምናለሽ ተራ የተለቀመ ብረት ይበቃቸዋል የሚል ሰው አይጠፋም። ይህ ከሥራው ራቅ ያለ ሰው አስተያየት ነው። የአሮጌ መኪና አክስል ቆዳው በእሳት የጠነከረ ነው፤ የለማጅን ምላጭ በደቂቃ ይበላል። ፌሮም አይሆንም። ለስላሳ መስሎህ ስትልጠው መሃል ላይ ጠጣር ቦታ ይገጥምህና ምላጩ ይሸረፋል። ልጁ ያን ጊዜ ጥፋቱ የእሱ ይሁን የብረቱ መለየት አይችልም። ለማጅ የሚያስፈልገው አንድ ዓይነት፣ ለስላሳ፣ የታወቀ ብረት ነው። ናይለን ላይ ማስጀመር ይቻላል፤ እጀታውን ያላምዳል። የብረትን ድምፅ ግን አያስተምርም። ምላጭ ሲደንዝ ማሽኑ ማፏጨት ይጀምራል። የሚወጣው ፍቅፋቂ ይሰባበራል፣ ቀለሙ ይለወጣል። አንድ ሠራተኛ ጀርባውን ሰጥቶ እያወራ እንኳ ያን ፉጨት ሲሰማ ዞር ይላል። ያ ጆሮ የሚገኘው ከብረት ብቻ ነው።

እውነቱን ለመናገር ከብረቱም የሚበልጥ ወጪ አለ። የአለቃው ሰዓት ነው። እሱ ለማጅ አጠገብ ቆሞ ሲያሳይ ማሽኑ ገንዘብ አያመጣም። የኪራይና የመብራት ቆጣሪ ግን አይቆምም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪውንና ሸማኔውን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። ስድቡ ዛሬ ቀንሷል። ባለሙያን አክባሪ ሆነናል፣ ቢያንስ በአፍ። ሙያውን ለማውረስ የሚወጣው ወጪ ግን አሁንም ጫንቃው ላይ ነው። ምስጋናም፣ ክፍያም፣ የግብር ቅናሽም ሲያገኝ አላየሁም።

ለማጅን ከማሽን ማራቅ ደህንነቱን መጠበቅ የሚመስለው አለ። የማየው ተቃራኒውን ነው። የተከለከለ ልጅ አለቃው ምሳ ሲወጣ ማሽኑን ይነካል። ወጣት ነው፤ የመጣው ለዚያ ነው። ያኔ አጠገቡ ማንም የለም። የሚያስፈራኝ ነገር የቻክ ቁልፍ ነው፤ ቻክ ብረቱን ጨብጦ የሚያዞረው የማሽኑ ክፍል ነው። ብረቱን የምናስርበት ቁልፍ ቻኩ ላይ ተረስቶ ማሽኑ ከተነሣ እንደ ጥይት ይወረወራል። ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፦ ቁልፉ ቻኩ ላይ እስካለ ድረስ እጅህ ከቁልፉ አይለይም። ይህ በወረቀት ተለጥፎ አይለመድም። ሰው አጠገብህ ቆሞ፣ በረሳህ ቁጥር «ቁልፉ!» እያለህ ነው የሚለመደው። ጓንትም እንዲሁ ነው። ጓንት ማድረግ ጥንቃቄ ይመስላል። የሚዞር ማሽን ላይ ግን ጓንት እጅን ይዞ ይገባል። ሰፊ እጅጌ፣ ያልታሰረ ፀጉር፣ ቀለበት፣ ሁሉም ያው ነው። ፍቅፋቂውን በእጅ መሳብም እንደ ምላጭ ይቆርጣል፤ መንጠቆ የተሠራው ለዚያ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አሠሪ ስለ አደጋው እንዲያስረዳና መከላከያ እንዲያቀርብ ያዛል። ማስረዳት ማለት ማሽኑ እየዞረ ማሳየት ነው።

70 በመቶውን የቀዳንበት ሀገር ይህን እንዴት ፈታው? ጀርመን ውስጥ ይህን ሙያ የሚማር ወጣት ሦስት ዓመት ተኩል ይማራል። ከድርጅቱ ጋር ውል አለው፣ በየወሩም ይከፈለዋል። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ለለማጅ ብቻ የተለየ ወርክሾፕ አላቸው። እዚያ የሚሠራው ብረት የደንበኛ አይደለም፤ ቢበላሽ የሚቆጣ ደንበኛ የለም። ትንንሾቹ ደግሞ ልጆቹን በጋራ ወደሚጠቀሙበት ማሠልጠኛ ይልካሉ። እኛ ቁጥሩን ወሰድን። ከቁጥሩ ጀርባ ያለውን ወርክሾፕ አልወሰድንም።

የጀርመንን ያህል ገንዘብ እንደሌለን አውቃለሁ። የምጠይቀው ትንሽ ነው። ኮሌጅ ተማሪ ሲልክ ከደብዳቤው ጋር ብረቱን ይላክ። አምስት ኪሎ ተኩል፣ በልኩ የተቆረጠ፣ በተማሪው ስም። ያ ብረት የወርክሾፑ አይደለም፤ ባለቤቱም ለደንበኛ ሥራ አይነካውም። ሎግ ቡክ የሚፈረመው የተበላሹትም የተሳኩትም ቁራጮች ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው ሲታዩ ይሁን። ተቆጣጣሪ መምህሩ ካሊበር ይዞ ይምጣ። ለሚያስተምረው አለቃ ደግሞ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴርም ይሁን የክልል ቢሮው ለሰዓቱ የሚገባውን ይክፈለው፣ ወይም ከግብሩ ይቀንስለት። የማይከፈልበት ማስተማር መጨረሻው መጥረጊያ ማስያዝ ነው። እኔ ደርሶብኛል።

አሁን እኛ ጋ አንዲት የ19 ዓመት ለማጅ አለች። ከኮሌጇ ብረት አልመጣም። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ተዋጥተን አሥር ቁራጭ ቆረጥንላት። ከ30 ወደ 25 እንድታወርደው ነው። በጠመኔ ቁጥር ጻፈችባቸው፣ መስኮቱ ሥር ደረደረቻቸው። የመጀመሪያው 24 ላይ ቀረ፤ ያው እንደ እኔው። ሁለተኛው ላይ ፈርታ 25.6 ላይ አቆመች። ሦስተኛውን ወተት የመሰለውን ማቀዝቀዣ ፈሳሽ መክፈት ረስታ አቃጠለችው። አራተኛው ላይ ምላጩን ራሷ ሳለች፤ ጥሩ አልሳለችውም።

ሐሙስ ጠዋት ስድስተኛውን ፈትታ ጠረገችው። ከካሊበር ይበልጥ አጥርቶ የሚለካውን ማይክሮሜትር አስጠጋች። 25.01።

«ጋሼ፣ አንተም ለካው» አለችኝ።

ለካሁት። ደግሜ ለካሁት።