ናስትሮ! ሻጩ የጠመንጃዬን ስኮፕ፣ ማነጣጠሪያ መነጽሩን፣ በናስትሮ ጠቅልሎ ነው የገጠመልኝ!

ናስትሮ ነው ያልኳችሁ። የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚጠቀለልበት ጥቁር ናስትሮ። ከግማሽ ሰዓት በፊት ስኮፑን ጠመንጃው ላይ የሚያስረውን ቀለበት ፈትቼ ከስኮፑ ላይ እየላጥኩ ቆጠርኩት፤ 15 ዙር። ጣቴ አሁንም በሙጫው እየተጣበቀ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ብስት እለፉኝ።

ሦስት ሳምንት! ጥይቱ አንድ ቦታ አልሰበሰብ ብሎኝ፣ በእጄ ስለምሞላው ሦስት ሳምንት ሙሉ ባሩዱን ስጠረጥር፣ ቀለሁን ስጠረጥር፣ ትከሻዬን ስጠረጥር ከረምኩ እኮ። ሌሊት ተነስቼ የባሩድ ሚዛኑን ደግሜ ደጋግሜ የፈተሽኩበት ቀን አለ። ለካ ስኮፑ ቀለበቱ ውስጥ እየተንሸራሸረ ኖሯል!

ከመጀመሪያው የጠየቅኩት ግልጽ ነበር። ከ3 እስከ 9 የሚያጎላ፣ የፊት መስታወቱ 40 ሚሊ ሜትር የሆነ ስኮፕ። በቃ። ከ200 ሜትር በላይ እንስሳ ላይ እንደማልተኩስ ስንቴ ነግሬያችኋለሁ። ሰውዬው ግን እኔ ተናግሬ ሳልጨርስ ከ6 እስከ 24 የሚያጎላውን ግዙፉን አውጥቶ፣ ቀለበቱን ጠመንጃዬ ላይ አስሮ ጨርሷል። «በዚህ እኮ የዝንብ ክንፍ ትቆጥርበታለህ!» ይለኛል። ዝንብ ላድን ነው እንዴ የመጣሁት?

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ማንም ሻጭ አይነግራችሁም። የፊት መስታወቱን ስፋት ለማጉያው ቁጥር አካፍሉት፤ ወደ ዓይናችሁ የሚመጣውን የብርሃን ክብ ስፋት ታገኛላችሁ። የትልቁ ስኮፕ የፊት መስታወት 50 ሚሊ ሜትር ነው፤ 50ን ለ24 ብታካፍሉ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የሰው ዓይን ብሌን ግን ሲጨልም እስከ 7 ሚሊ ሜትር ይከፈታል፣ ዕድሜ ሲገፋ ወደ 5 ይወርዳል። እንስሳ የሚወጣው ደግሞ ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ነው። የኔን ባለ 40ውን 6 ላይ ባደርገው 6.7 ይሰጠኛል፤ ከበቂ በላይ። ትልቁንም ወደ 6 ብታወርደው ብርሃን ያገኛል፣ እሺ፤ ግን ከዚያ በታች አይወርድማ! 30 ሜትር ላይ ከቁጥቋጦ ብቅ ያለ እንስሳ ሲገጥምህ የምታየው ፀጉር ብቻ ሊሆን ይችላል። የቱ ትከሻ፣ የቱ ታፋ እንደሆነ ሳትለይ ይሄዳል። ይባስ ብለህ ከተኮስክ ደግሞ…

ይሄን በትሕትና አስረዳሁት። «ጋሼ፣ እንዲህ ስለሆነ እኮ ነው» ብዬ። «ኢንተርኔት ላይ ያነበብከውን ተወው ልጄ» አለኝ። እኔ በአርባ ዓመቴ «ልጄ»! እኔ «እርስዎ» እያልኩ፣ እሱ «አንተ»። ይሁን፣ ታላቅ ነው ብዬ ዋጥኩት። ትንሹን ስኮፕ አልለቅም ስለው አኮረፈና ጠመንጃውን ይዞ ጓዳ ገባ።

እዚያ ጓዳ ውስጥ ምን እንደተሠራ ዛሬ ገባኝ። ቀለበቶቹ ለትልቁ ስኮፕ የታሰሩት ናቸው፣ ባለ 30 ሚሊ ሜትር። የኔ ስኮፕ ቱቦ 25.4 ነው። 4.6 ሚሊ ሜትር ክፍተት! ልክ የሆነ ቀለበት ከመፈለግ ናስትሮ ጠቅልሎ ሞላው። ትርፉንም በምላጭ ከቀለበቱ ጠርዝ ጋር እኩል አድርጎ ከርክሞታል፤ ማለት አውቆ ነው የሠራው፣ እንዳይታይ ተጨንቆበታል። ጥቁር ስኮፕ፣ ጥቁር ቀለበት፣ ጥቁር ናስትሮ። «እንዴት ሳታየው?» የምትሉኝ ካላችሁ ኑና እዩት።

ከዚያማ መከራዬ ጀመረ። ጥይቱን እንዴት እንደምሞላ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ቀለሁ ይታጠባል፣ ቅርጹ ይስተካከላል፣ አንገቱ ይለካል፣ የረዘመው ይከረከማል። ባሩዱ አንድ በአንድ ይመዘናል። 165 ግሬይን እርሳስ (ከአፈሙዙ የሚወጣው አረር)፣ 10.7 ግራም መሆኑ ነው፤ ባሩዱን ከጥይት መሙያ መመሪያ መጽሐፉ መነሻ መጠን ጀምሬ በግማሽ ግሬይን በግማሽ ግሬይን ነው ከፍ የማደርገው። ግማሽ ግሬይን ማለት 32 ሚሊ ግራም ገደማ ነው፤ ትንፋሽህ ሚዛኑን ያወዛውዘዋል። ከሞላሁ በኋላ ቀለሆቹን ደርድሬ በባትሪ ወደ ውስጥ አያለሁ፤ አንዱ ባሩድ በዝቶበት እንደሆነ ከጎረቤቱ ከፍ ብሎ ይታያል። እርሳሱ ቀለሁ አፍ ላይ ሲቀመጥ ማንሻው ላይ እጄ የሚሰማውን እንኳን እመዘግባለሁ፣ የላላ አንገት ካለ እንድለየው። እንዲህ ነው የምሠራው። አራት መጠን፣ ከያንዳንዱ አምስት፣ በአራት ዙር። 80 ጥይት።

የ80ውም ውጤት፦ እዚህም እዚያም። አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች፣ ሁለቱ ተጠግተው ደስ ሲለኝ ሦስተኛው ከነሱ 12 ሴንቲ ሜትር ርቆ። 100 ሜትር ላይ!

አንዱን ቀን ደግሞ እዚያ መተኮሻ ቦታ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው፣ እኔ ዒላማ ልቀይር ስሄድ የስኮፔን ማስተካከያ አዙሮልኝ ጠበቀኝ። «ትንሽ ወደ ግራ ሳብኩልህ» ይላል። ስንት ቋታ፣ ስንት «ቋ» የምትል ደረጃ፣ አዞርክ? አልኩት። «አላስታውስም።» የኔ ስኮፕ እያንዳንዷ ቋታ 100 ሜትር ላይ 7 ሚሊ ሜትር ነው የምታንቀሳቅሰው፤ ስንት እንዳዞረ ካልነገረኝ ከየት ጀምሬ ልመልሰው? ሰው እንዴት የሰው ጠመንጃ ይነካል? ይሄ ሌላ ቀን ነው፣ ግን አልወጣልኝም።

በሁለተኛው ሳምንት ወደ ሱቁ ተመለስኩ። እስኪ ፍረዱኝ።

«ጋሼ፣ እባክዎ ቀለበቱን አንዴ ይፈትሹልኝ፤ ጥይቱ አንድ ቦታ አልሰበሰብ አለኝ» አልኩ። ዒላማውን ከእጄ ተቀበለና ወደ መብራቱ አንስቶ በቀዳዳዎቹ አጮለቀ።

«ይሄ ዒላማ ነው ወንፊት?»

ወረፋ የያዙት ሁለት ሰዎች ሳቁ። እሱም ሳቃቸውን ጠበቀ፤ እስኪጨርሱ ጠበቀ እኮ!

«በምን ጥይት ነው የተኮስከው?»

«በእጄ የሞላሁት ነው።»

«እንዲህ በላ! ባሩድ ሰስተህ ነዋ! ጥይት የእጅ ሥራ ነው ያለህ ማነው፣ ጥልፍ መሰለህ እንዴ? የፋብሪካ ግዛ ልጄ። ደሞ ቃታ ስትስብ ዓይንህን ሳትጨፍን አትቀርም።»

«ብሎኑን በስንት ኒውተን ሜትር ነው ያጠበቁት?» አልኩት። አብዛኛው ቀለበት 2 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው የሚፈልገው፣ ቶርክ ሬንች (ብሎን በልክ የሚያጠብቅ መፍቻ) ያለው ሰው በደቂቃ ይጨርሰዋል። እሱ እጁን ጨብጦ ቡጢውን አፍንጫዬ ሥር አስጠጋልኝ። «በዚህ! ሃያ ዓመት በዚህ ነው የማጠብቀው።»

እንደገና ሳቅ። ጠመንጃውን ገልብጦ እንኳን አላየውም። ያውቃላ! ቀለበቱን ቢፈታ ምን እንደሚወጣ ያውቃል! ያን ቀን ያልገባኝ ይሄ ነው፤ እኔ የተናቅኩ መስሎኝ አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ፣ እሱ ግን ናስትሮውን እየሸፈነ ነበር።

ዓይኔን እንደማልጨፍን ደግሞ አረጋግጫለሁ። ጓደኛዬ ባሩድና ካፕሱል (ባሩዱን የሚለኩሰው) የሌለው ባዶ ጥይት ከእውነተኛው ጋር እያደባለቀ፣ እኔ ሳላይ አጎረሰልኝ። ባዶው ሲደርስ ቃታውን ስስብ አፈሙዙ ንቅንቅ አላለም። ስድስት ጊዜ። እና ምን አተረፍኩ? ትከሻዬ ነጻ ሲሆን ጥፋቱ ወደ ጥይቴ ዞረ።

እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው። በግሩፕ ብጠይቅ አንዱ ምን ብሎ መለሰልኝ? «ከመጽሐፉ ጣሪያ በላይ 2 ግሬይን ጨምር፣ ያኔ ይሰበሰብልሃል፤ እኔ ስንት ዓመቴ።» 42 ሰው ላይክ አድርጎታል። የቀለህህ ዓይነት ምንድን ነው ብሎ የጠየቀኝ የለም። የወታደር ቀለህ ብዙ ጊዜ ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ውስጡ ይጠባል፣ ያው ባሩድ ከፍ ያለ ግፊት እንደሚፈጥር የጠቀሰ የለም። የእሱ ጠመንጃ የቻለው የኔን ሊሰነጥቀው ይችላል ያለ የለም። በ30-06፣ በጠመንጃዬ ጥይት ዓይነት፣ ውስጥ ግፊቱ እስከ 4,050 ባር የሚፈቀድ ነው። የመኪናችሁ ጎማ ሁለት ተኩል ባር ነው የሚይዘው። ያ ሁሉ የሚፈነዳው ከጉንጬ አራት ጣት ርቀት ላይ ነው። አሁን አስቡት፤ ሻጩ «ባሩድ ሰስተህ ነው» ብሎኛል፣ ግሩፑ «ጨምር» ብሎኛል፣ ሦስት ሳምንት ተስፋ ቆርጫለሁ። አምኛቸው ብጨምርስ? በናስትሮ ምክንያት ዓይኔን ባጣስ? ማን ነው የሚጠየቀው?

እና ናስትሮ ይህን ሁሉ ያደርጋል ወይ የሚል አይጠፋም። ያደርጋል። በሁለቱ ቀለበቶች መካከል 10 ሴንቲ ሜትር አለ። የስኮፑ አንዱ ጫፍ በ0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ፣ በአንድ ፀጉር ውፍረት ብትሉት፣ ከተነቃነቀ 100 ሜትር ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ይስታል። 200 ላይ 20። ናስትሮ ደግሞ እንደ ጎማ ለስላሳ ነው፤ ጠመንጃው በተራገጠ ቁጥር ይጨመቃል፣ ሲሞቅ ሙጫው ይለሰልሳል፣ ስኮፑ ወደ ፊት ይንሸራተታል። የተንሸራተተበት የሙጫ ጭረት ቱቦው ላይ አለ።

ለምን እንዲህ ትቆጣለህ፣ ወረቀት ነው የተበሳው ትሉኝ ይሆናል። ወረቀት ላይ ስለተያዘ ነው! 200 ሜትር ላይ 20 ሴንቲ ሜትር መሳት ማለት ሳንባ ብለህ የተኮስከው ሆድ ይገባል ማለት ነው። ልጅ ሆኜ አንድ ጊዜ ከትልልቆች ጋር የቆሰለ እንስሳ ደም እየተከተልኩ ሄጃለሁ። ደሙ ቅጠል ላይ መጀመሪያ ጠብታ ነበር፣ ኋላ ጭረት ብቻ ሆነ፣ ከዚያ ጨለመ። አላገኘነውም። ማንም ሳይናገር ነው የተመለስነው። ጠዋትም ሄደን አላገኘነውም። እኔ ግማሽ ግሬይን የምቆጥረው ለዚያ ነው፣ ሌላ ለምንም አይደለም።

ደከመኝ። ባሩዱ አልቋል ለማለት ምንም አልቀረውም። ደብተሬ ላይ አራት ገጽ ሙሉ ቁጥር አለ፣ የትኛው መጠን ጥሩ እንደነበር አንዱም አይነግረኝም፤ ምናልባት የመጀመሪያው ቀን ሁለተኛው መጠን ከሁሉ የተሻለው ነበር፣ ምናልባት የመጨረሻው። ገጾቹን ሰርዤ፣ ናስትሮውን እላያቸው ላይ ለጥፌዋለሁ፤ አሁንም ይጣበቃል። ልክ የሆነ ቀለበት ሳገኝ ከመነሻው መጠን እንደገና ሀ ብዬ ነው የምጀምረው።

ነገ ጠዋት ግን መጀመሪያ ደብተሩን ይዤ ሱቁ እገባለሁ። ወረፋ የያዘ ሰው ቢኖር ደስታዬ ነው። ያንን ገጽ ባንኮኒው ላይ እዘረጋለታለሁ። «ልጄ» ካለኝ ይበል፤ ከእንግዲህ እኔም «አንተ» ነው የምለው።