ስልኩ የሚያሳየውን ቁጥር ማን ይመን?

ትናንት ለእናቴ የተደወለበት ቁጥር በባንክ ካርዷ ጀርባ ከታተመው ቁጥር በአንድ አኃዝ እንኳ አልተለየም። ደዋዩ «ሒሳብዎ ሊዘረፍ ነው፤ በመልእክት የደረሰዎትን ኮድ ይንገሩኝ» አላት፤ ነገረችው። ስልኩ ገና ሳይዘጋ ለዓመታት ያጠራቀመችው ገንዘብ ወጣ። ባንኩም «ኮዱን የሰጡት እርስዎ ነዎት» ብሎ መለሳት። የባንኩን ቁጥር ለሌባው ያዋሰው ግን ማን ነው?

እዚህ አሜሪካ ለማጭበርበር ሲባል የደዋይን ቁጥር አስመስሎ ማሳየትን የሚከለክል ሕግ እ.ኤ.አ. በ2010 ጸድቋል። ትልልቆቹ የስልክ ኩባንያዎችም ጥሪዎችን በዲጂታል ፊርማ እንዲያረጋግጡ እስከ 2021 አጋማሽ ቀነ ገደብ ተሰጥቷቸው ነበር። ይሁንና ይህ ፊርማ የተሠራው በኢንተርኔት ፕሮቶኮል ለሚጓዙ ጥሪዎች በመሆኑ፣ ጥሪው በመንገዱ አንድ አሮጌ መስመር ካገኘ ማረጋገጫው እዚያው ይቀራል። አሮጌውን መስመር መቀየር ያለበት ማን ነው? የሰባ ዓመቷ እናቴ ናት?

ሌላው የሚያንገበግበኝ መከላከያው ቀላል መሆኑ ነው። ስልኩን ዘግታ በካርዱ ላይ ያለውን ቁጥር ራሷ ብትደውል ኖሮ የምታገኘው እውነተኛውን ባንክ ነበር፤ አጭበርባሪው የሚያስመስለው እሱ ሲደውል የሚታየውን ቁጥር እንጂ እኛ ስንደውል ጥሪው የሚደርስበትን ቦታ አይደለም። ሒሳቡን ስትከፍት ያን ሁሉ ወረቀት ሲያስፈርሟት ይህችን አንድ ነገር መንገር ለምን ከበዳቸው?