ምዕራፍ 30 ላይ ምን ይነካቸዋል?

ንግሥቲቱ በሩን ገርበብ አድርጋ ተወችው። መዘዙ ሁሉ ከዚያ ነው የመጣው።

ሰሞኑን የያዝኩት ልብ ወለድ ከ700 ገጽ በላይ ነው። ዘንዶ አለው፣ አስማት አለው፣ ለዘመናት የተቃቃሩ ሁለት መንግሥታት አሉት። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ንግሥቲቱና ሰይፍ ታጣቂ ጠባቂዋ ይዋደዳሉ። ሁለት ሴቶች የሚፋቀሩባቸውን እንዲህ ያሉ መጻሕፍት አንባቢዎቻቸው ሳፊክ ይሏቸዋል። እኔ ደግሞ ሱስ ሆነውብኛል። እናላችሁ 600 ገጽ ያህል እየሳቅኩ፣ እየተጨነቅኩ፣ አንዳንዴም ለብቻዬ እየጮኽኩ አብሬያቸው ከተጓዝኩ በኋላ፣ ምዕራፍ 30 ላይ ንግሥቲቱ ለአማካሪዋ "እሷ ለእኔ ተራ ጠባቂ ናት" ትለዋለች። ሽማግሌውን ለመሸወድ ነው። ጠባቂዋ ከበሩ ውጪ ቆማለች። ይቺን ብቻ ሰማች። ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር ብትሰማ ኖሮ ነገሩ ሁሉ ባበቃ ነበር። አትሰማም። ካባዋን እንኳ ሳታነሳ ፈረስ ጭና በሌሊት ውልቅ አለች።

እኔም መጽሐፉን ዘጋሁት።

ይቺ ሴት እኮ ፈሪ አይደለችም። ምዕራፍ 12 ላይ ከዘንዶ ፊት ቆማ "ና ሞክረኝ" ያለች ናት። በር ገፍቶ "ምን ማለትሽ ነው?" ማለት ግን አቃታት። ሦስት ቃል ነው። ለዘንዶው ከዚያ በላይ አውርታለች።

ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ አበው። ይሄን ተረት እወደዋለሁ። ቁጣ የለው፣ ምክር የለው። ሹመት ቀረብህ፣ ያውም አፍህን ባለመክፈትህ፣ በቃ። ሁልጊዜ የማስበው ያንን ደጃዝማችነቱ የቀረበትን ሰውዬ ነው። ሁሉ ተሹሞ ሲወጣ እሱ ጥግ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ሲጠርግ ይታየኛል። ሊናገር ነበር እኮ! ደጃዝማችነት ግን ቢቀር ይቅር፣ ሌላ ዓመት ይሾማል። እዚህ የሚቀረው አገር ነው። ጠባቂዋ ካኮረፈች በኋላ ባሉት 80 ገጾች ውስጥ ጠላት ድንበር ጥሶ ይገባል፣ ሁለት ከተማ ይቃጠላል፣ ንግሥቲቱም መስኮት ላይ ቆማ ዝናብ ታያለች። መልእክተኛ ላኪ እንጂ! እርግብ አለሽ፣ አስማተኛ አለሽ፣ ሰማይ የሚያቋርጥ ዘንዶ አለሽ።

ደግሞ በተቃራኒው "ዝም አይነቅዝም" የሚል ተረት አለ። ማን እንዳወጣው አይታወቅም። የፍቅር ልብ ወለድ አንብቦ እንደማያውቅ ግን እወራረዳለሁ። ይነቅዛል እንጂ! 80 ገጽ ሙሉ ነቅዞ አይቻለሁ።

የፍቅር ልብ ወለድ ወጉ ይሄው ነው፣ አውቃለሁ። መጨረሻው አስደሳች እንደሚሆን አንባቢም ደራሲም ተስማምተዋል። ስለዚህ መጽሐፉ ሦስት አራተኛው ላይ ሲደርስ ደራሲው ትንሽ ሊያስደነግጠን ይፈልጋል። ጥንዶቹ ይለያያሉ፣ ይላቀሳሉ፣ ይታረቃሉ። ይሁን። የሚለያዩበት ምክንያት ግን ምክንያት ይሁን። ግማሽ ወሬ ምክንያት አይደለም።

ስለ ወጉ ካነሳሁ አይቀር ቁስል የማሰር ነገርም አለ። ይሄን ግን እወደዋለሁ፣ ማንም አይንካብኝ። ሁሌም ሌሊት ነው። አንድ ሻማ አለ። ጀግናዋ ቆስላለች፣ ሐኪም የለም። እስከዚያ ድረስ ስትጠላት የነበረችው ሴት "ሸሚዝሽን አውልቂ" ትላታለች፣ ኮስተር ብላ። ጨርቁን በሙቅ ውሃ ትነክራለች። ደሙን ታብሳለች። ጣቷ አንገቷ ሥር ሲደርስ ይዘገያል። "ያምሻል?" "አያመኝም።" ያማታል። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ይውጣሉ፣ እኔም አብሬ እውጣለሁ። ከዚያ በር ይንኳኳል። የሚያንኳኳው ደግሞ ሁሌ ስንቅ ያለቀበት ወታደር ነው። የቆሰለውም ሁሌ ትከሻ ነው። ክርኗን የቆሰለች ጀግና እስካሁን አላጋጠመችኝም። ተረከዝማ ጭራሽ አይታሰብም።

የእነዚህ መጻሕፍት ጀግኖች ዕድሜስ? አንዷ 19 ዓመቷ ነው፣ የግዛቲቱ ቁጥር አንድ ነፍሰ ገዳይ ናት። መቼ ተማረችው? ሌላዋ የ400 ዓመት ጠንቋይ ናት። ስድስት ቋንቋ ትናገራለች፣ ሙታን ታስነሳለች፣ ማዕበል ታቆማለች። "እወድሻለሁ" ለማለት ግን ጊዜ ያስፈልጋታል። አራት መቶ ዓመት አልበቃትም!

የመጽሐፉ ካርታ ላይም ቅሬታ አለኝ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ተራራው፣ ወንዙ፣ ደሴቱ ሁሉ ተስሏል። ታሪኩ የሚካሄደው ግን አንድ ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። በስተሰሜን ያለውን ትልቅ በረሃ እስከ መጨረሻው ማንም አልረገጠውም። ስለ ስሞቹ አላወራም። ሦስት ሰረዝ ያለበት የሰው ስም አንብቤ ምላሴ ተሳስሮ ያውቃል፣ ይብቃኝ።

አሁን ወደ ቂሜ ልግባ። አንድ ጓደኛ አለችኝ። መጽሐፍ ስትይዝ መጀመሪያ የምታነበው የመጨረሻውን ገጽ ነው። በራሷ መጽሐፍ ያሻትን ታድርግ። እሷ ግን ትነግርሻለች። በግልጽ አትነግርሽም፣ ጨዋ ናት። አንዴ የመርከበኞች ታሪክ ይዤ፣ መርከቧ ላይ ካለችው ቀስተኛ ጋር ፍቅር ይዞኝ ስከንፍ "ምነው ቀስተኛዋን እንዲህ ወደድሻት?" አለችኝ። ምን አጠፋሁ? "አይ፣ ብዙ አትውደጃት ብዬ ነው" ብላ ሻይዋን መጠጣት ቀጠለች። ቀስተኛዋ ከዚያ በኋላ በሳቀች ቁጥር እኔ አለቅስ ነበር። ይሄን እስከ ዛሬ አልረሳሁላትም።

"ምን ላድርግ፣ ልቤን የምሰጠው መጨረሻውን አይቼ ነው" ትላለች። መናገሯን ይቅር አልላትም እንጂ ማየቷስ እውነት አላት። ይሄ ዓይነት መጽሐፍ አንባቢውን ለረጅም ጊዜ ሲቀጣ ኖሯል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1872 የወጣችውን ካርሚላን ውሰዱ። አየርላንዳዊው ሸሪዳን ሌ ፋኑ የጻፋት ሴት ቫምፓየር፣ ማለትም ደም መጣጭ ሙት ናት፣ ታዋቂውን ቫምፓየር ድራኩላን በ25 ዓመት ትቀድማለች። ካርሚላ ወጣት ሴት ትወዳለች። መጨረሻዋስ? ልቧን በካስማ ወጉት። አንገቷን ቆረጡት። ሬሳዋን አቃጠሉት። አመዷን ወንዝ ውስጥ በተኑት። አንዱ አይበቃም ነበር?

በ1928 ደግሞ የእንግሊዛዊቷ ደራሲ የራድክሊፍ ሆል ልብ ወለድ ለንደን ውስጥ ፍርድ ቤት ቀረበ። የሁለት ሴቶች ፍቅር ነው የሚተርከው። ደፋር የሚባለው ቦታ ያን ሌሊት እንዳልተለያዩ የምትጠቁም አንዲት አጭር ሐረግ ናት። ዳኛው መጽሐፉ እንዲወገድ ፈረዱ። በዚያው ዓመት፣ እዚያው ከተማ ቨርጂኒያ ዉልፍ "ኦርላንዶ"ን አሳተመች። ለምትወዳት ለቪታ ሳክቪል ዌስት የተጻፈ ነው። ባለታሪኩ ከ300 ዓመት በላይ ይኖራል፣ መሃል ላይ ተኝቶ ሲነቃ ሴት ሆኗል። ማንም አልከሰሳትም፣ መጽሐፉም በደንብ ተሸጠ። ፋንታሲ፣ ይሄን ዘንዶና አስማት ያለበትን ልብ ወለድ ማለቴ ነው፣ የምወደው ለዚህ ነው። ዳኛ ያለበት ከተማ ሲጠብ ምናብ ሌላ ከተማ ይሠራል። እዚያ ንግሥቲቱ ጠባቂዋን ብታገባ አገሩ "ሠርጉ መቼ ነው?" ከማለት ውጪ አይገደውም።

የሚገርመኝ ግን 1952 ነው። በዚያ ዓመት አሜሪካ ውስጥ ሁለት መጻሕፍት ወጡ። አንደኛውን ማሪጄን ሚከር ቪን ፓከር በሚል የብዕር ስም ጻፈችው፣ "ስፕሪንግ ፋየር" ይባላል። አርታኢዋ አስቀድሞ ነገራት። መጽሐፉ በፖስታ ነው የሚላከው፣ ሴቶቹ ደስ ብሏቸው ከጨረሱ የፖስታ ተቆጣጣሪዎች ይይዙታል፣ ስለዚህ መጨረሻው አያምር። እሷም አበላሸችው። አንዷ አእምሮዋን ሳተች፣ ሌላዋ "ለካ ወድጃትም አላውቅም" አለች። መጽሐፉ ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። ሁለተኛውን የጻፈችው ፓትሪሺያ ሃይስሚዝ ናት። "ዘ ፕራይስ ኦፍ ሶልት"ን ያሳተመችው ክሌር ሞርጋን በሚል ስም ነው። በእሷ መጽሐፍ ማንም አይሞትም፣ ማንም አያብድም። ተስፋ አለው። የራሷን ስም ያወጣችበት ግን በ1990 ነው።

እናም እነዚህ ሁለት ደራሲዎች፣ የክፉው መጨረሻና የደጉ መጨረሻ ባለቤቶች፣ በ1950ዎቹ መገባደጃ ተገናኝተው ተዋደዱ። እውነት ነው፣ ሚከር ራሷ በኋላ መጽሐፍ ጽፋበታለች። ሁለት ዓመት ገደማ አብረው ቆዩና ተለያዩ። ይሄን ልብ ወለድ ውስጥ ባነበው "ደራሲው አበዛው" እል ነበር።

አሁን ንዴቴ ይገባችኋል ብዬ አስባለሁ። ያኔ ሴቶቹን የሚያለያያቸው ፖስታ ቤቱና ዳኛው ነበር። ዛሬ ደራሲዋን "አንዷን አሳብጂያት" የሚላት ተቆጣጣሪ የለም። ብትፈልግ በመጀመሪያው ገጽ ታጋባቸዋለች። እና ያን ሁሉ መከራ ታልፎ የተገኘውን ነፃነት ምን አደረገችበት? ገርበብ ያለ በር! ፖስታ ቤቱ ሥራውን ሲተው ምዕራፍ 30 ተረከበው።

ከጀርባ ሽፋን ላይ ያለው ጽሑፍ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። የ1950ዎቹ ርካሽ መጻሕፍት ሽፋናቸው ይጮኻል። ሁለት ሴቶች አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ አንዷ የሌላዋን ትከሻ እያየች፣ ከላይ በቀይ "የተከለከለ" ምናምን ተጽፎበት። መጨረሻው ግን ይቀጣሻል። የዛሬው አንዳንዱ መጽሐፍ በተገላቢጦሽ ነው። ውስጡ ሠርግ አለው፣ ከጀርባው ግን "ያልተጠበቀ ጥምረት"፣ "የማይበጠስ ወዳጅነት" ይላል። የምን ወዳጅነት? ምዕራፍ 22ን አንብቤዋለሁ እኮ! ወዳጅ ወዳጁን እንዲያ አያደርግም። የሚያሳፍር ነገር ካለው ለምን አተማችሁት? ከሌለው ለምን ትደብቁታላችሁ? ይሄንን የሚጽፈው ሰው በየትኛው ቢሮ እንደሚቀመጥ ባውቅ ሄጄ ፊት ለፊቱ ምዕራፍ 22ን ጮክ ብዬ አነብለት ነበር።

ተከታታይ ቅጽ ጀምሮ ስለሚጠፋ ደራሲም የምለው ነበረኝ። ስሟን ለዚህ ዘውግ የሰጠችው የጥንቷ ግሪክ ገጣሚ ሳፎ የጻፈችው ብዙ ነበር ይባላል፣ ሙሉ ሆኖ የደረሰን ግጥሟ ግን አንድ ነው። የቀረው ቁርጥራጭ ነው። ሳፎን ይቅር እላታለሁ፣ እሷን 2,600 ዓመት ነው የበላት። ሁለተኛው ቅጽ ላይ ጀግናዋን ከገደል አፋፍ አንጠልጥሎ የጠፋውን ደራሲ ግን ምን በላው?

ብቻ ንግሥቲቱ እንዳትረሳብኝ። መጽሐፉን መልሼ ከፈትኩት፣ ምን ላድርግ፣ ከዚያ ሁሉ ገጽ በኋላ ማቋረጥ አልችልም። ጠባቂዋ ተመለሰች። ቆስላለች። ትከሻዋን። ንግሥቲቱ ሮጠች፣ ሻማ በራ፣ ሙቅ ውሃ መጣ። እኔም ተስተካክዬ ተቀመጥኩ። አሁን ይነጋገራሉ፣ የበሩ ነገር ይነሳል፣ "ሰምቼሻለሁ" ትላታለች፣ "ለመሸወድ ነበር እኮ" ትላታለች ብዬ ስጠብቅ ደራሲዋ ምን ብትል ጥሩ ነው? "ሌሊቱን ሙሉ ሲነጋገሩ አደሩ።" አለቀ። በአንዲት መስመር! ዝምታውን 80 ገጽ አስነበበችኝ፣ ንግግሩን ግን ለራሷ አስቀረችው።

ለጓደኛዬ ደውዬ ይሄን ስነግራት የዚሁ መጽሐፍ ሁለተኛ ቅጽ እጇ ላይ ነበር። የቱን ገጽ እንዳየች መጠየቅ አያስፈልግም።

"እንዳትነግሪኝ" አልኳት።

"ምን አባቴ እነግርሻለሁ?" አለች። "ግን ከምትገዢው እኔ ባውስሽ አይሻልም?"