ኧረ እባካችሁ ጥላውን ተዉልን!

በየፊልሙና በየድራማው የሚታየው የማታ ትዕይንት ያንገበግባል። ታሪኩ ሰውየው በጨለማ ተደብቋል ይላል፤ ምስሉ ግን ከጥግ እስከ ጥግ ቦግ ብሏል። ለምን ሲባል መልሱ አንድ ነው፦ «ኤዲቲንግ ላይ እናጨልመዋለን።» አይሆንም! ፊቱና ግድግዳው እኩል ብርሃን ካገኙ ሲጨልሙም እኩል ነው። የሚገኘው ግራጫ ጭቃ እንጂ ማታ አይደለም። ጥላ የሚሠራው ቀረጻ ላይ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ዋናውን መብራት ካሜራው አጠገብ ከመትከል ነው። ብርሃኑ ካሜራው ከሚያይበት አቅጣጫ ሲመጣ ጥላው ከሰውየው ኋላ ወድቆ ይደበቃል፤ አፍንጫና ጉንጭ ይደፈጠጣሉ። መብራቱን ከካሜራው ወደራቀው የፊት ጎን አዙሩት። ያን ጊዜ ጥላ ያረፈበት ጉንጭ ለካሜራው ይቀራል፣ ፊትም ቅርጽ ያወጣል።

ሁለተኛው ጥፋት ርቀትን መናቅ ነው። ስሌቱ እኮ ቀላል ነው፦ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ሩብ ይሆናል። ከመብራቱ እስከ ተዋናዩ 3 ሜትር፣ እስከ ግድግዳው 4 ሜትር ከሆነ የሁለቱ ልዩነት አንድ ስቶፕ (የብርሃን መለኪያ ነው፤ አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ እጥፍ ወይም ግማሽ ሲሆን) እንኳ አይሞላም። ግድግዳው እዚያው 4 ሜትር ላይ ይሁን፤ ተዋናዩን ግን ከመብራቱ 1 ሜትር ርቀት ድረስ አስጠጉት። ግድግዳው የሚደርሰው ብርሃን ፊቱ ላይ ካለው 1/16 ብቻ ነው፤ 4 ስቶፕ! ለዚህ ምንም ዕቃ መግዛት አያስፈልግም።

ክፍሉ ጠባብና ነጭ ከሆነ ብርሃኑ እየነጠረ ጥላውን ይሞላዋል፤ በጥላው ጎን፣ ከፍሬም ውጪ፣ ጥቁር ጨርቅ ስቀሉ። ለማታ በሁለቱ ጉንጮች መካከል 3 ስቶፕ፣ ማለትም 8 ለ 1፣ ጥሩ መነሻ ነው።

መብራት ሁሉ አጥፍቶ አይኤስኦ (ካሜራው ምስሉን የሚያደምቅበት ቅንብር) መቆለልም መፍትሔ አይደለም፤ ትርፉ ኖይዝ፣ ማለትም ምስሉን የሚያበላሽ ነጠብጣብ ነው። ዓይን ጨለማን የሚያምነው የሚያነጻጽረው ብሩህ ነገር ሲያገኝ ነው፦ የጠረጴዛ መብራት፣ መስኮት፣ ትከሻ ላይ ያረፈች ቀጭን የብርሃን መስመር። ኤክስፖዠሩንም (ምስሉ የሚደምቅበትን መጠን) በእጅ ቆልፉት፤ አውቶማቲክ ከተተወ ካሜራው ጨለማውን ወደ መካከለኛ ግራጫ ይጎትተዋል።

ከሁሉ የሚያናድደው ጥቁር ፊት «አልታይ አለ» ተብሎ ከፊት ለፊት መብራት ሲደራረብበት ነው። ጥቁር ቆዳ ውበቱ የሚወጣው በነጸብራቅ ነው፤ የሚፈልገው ኃይል ሳይሆን ስፋት ነው። ትንሽና ኃይለኛ መብራት ግንባር ላይ ነጭ ነጠብጣብ ትቶ ሌላውን ይረሳል። ትልቅ ዲፊውዘር (ብርሃን የሚያለሰልስ ስስ ጨርቅ) ወይም ነጭ ፎም ቦርድ ከጎን አስጠጉለት፤ ነጸብራቁ ከጉንጭ እስከ መንጋጋ ይወርዳል፣ በሌላው ጎን ያለው ጥላም ሳይነካ ይቀራል።