ማጀቢያው ከገጸ ባሕሪው አይቅደም

ሳቅና ሐዘን በተቀላቀለባቸው የአኒሜሽን ተከታታይ ድራማዎች አንድ ነገር ያበሳጨኛል። ገጸ ባሕሪው ገና አፉን ሳይከፍት ሙዚቃው ቀድሞ "ሳቁ" ወይም "አልቅሱ" ብሎ ያዝዘናል።

ልማዱ የቆየ ነው። በጥንቶቹ ካርቱኖች ሙዚቃው የገጸ ባሕሪውን እግር እየተከተለ ይሄድ ነበር። ድመት በጣቷ ጫፍ ስትራመድ የቫዮሊን ክር ይቆነጠራል፣ ስትወድቅ ከበሮ ይመታል። አሠራሩ ዛሬም ድረስ "ሚኪ ማውሲንግ" ይባላል። ለአጭር ቀልድ ግሩም ነው። ስለ ሱስና ስለ ጸጸት ለሚያወራ ድራማ ግን አይበጅም።

አንድ ሰው ሌሊት ቤቱ ገባ እንበል። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ሲወረውር ብርጭቆ ወድቆ ተሰበረ። አወዳደቁን በዛይሎፎን ብናጅበው ተመልካች ይስቃል። ዝም ብለን፣ ሰውየው ስብርባሪውን ቆሞ ሲያይ ሁለት ሰከንድ ጠብቀን አንዲት የፒያኖ ድምፅ ብቻ ብናስገባስ? ቤቱ ሰው እንደሌለበት ያኔ ይሰማናል። ሥዕሉ ግን ያው ነው። በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ሥዕል) በሚሄድ ፊልም ሁለት ሰከንድ ማለት 48 ፍሬም ነው፤ በደቂቃ 120 ምት ባለው ሙዚቃ ደግሞ አራት ምት። አቀናባሪው የሚሠራው በዚህች ጠባብ ቦታ ነው። በዚያ ላይ የተሣለ ቤት የራሱ ድምፅ የለውም፤ የልብስ ኮሽታ እንኳ ሰው ካላስገባው አይሰማም። ስለዚህ በአኒሜሽን ዝምታም የሚቀናበር ነገር ነው።

ይህን በሚገባ ያሳየኝ እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2020 በኔትፍሊክስ የታየው፣ ቦጃክ ስለተባለ ተዋናይ የሚተርከው የአኒሜሽን ተከታታይ "ቦጃክ ሆርስማን" ነው። የመክፈቻ ሙዚቃው የከበሮ መቺው የፓትሪክ ካርኒና የአጎቱ የሳክስፎን ተጫዋቹ ራልፍ ካርኒ ሥራ ሲሆን የውስጡን ማጀቢያ የሠራው ጄሲ ኖቫክ ነው። በሦስተኛው ምዕራፍ ታሪኩ ባሕር ሥር የሚካሄድበት ክፍል አለ፤ ንግግር የለም ማለት ይቻላል፣ የተዋናዩን ብቸኝነት ሙዚቃው ተሸክሞ ይዘልቃል። በአምስተኛው ምዕራፍ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። ቦጃክ የእናቱ ሬሳ ሣጥን አጠገብ ቆሞ ከሞላ ጎደል ሙሉውን ክፍል ብቻውን ያወራል፤ የሚያጅበው እዚያው አዳራሽ ያለው ኦርጋን ነው፣ ያውም አልፎ አልፎ። ቀልዱን በኦርጋን እንዲያደምቁለት ይጠይቃል። ያ ለሳቅ የተመታ ድምፅ ከየትኛውም የልቅሶ ዜማ ይልቅ አንጀቴን በልቶታል።

እንዲህ ያለ ሥራ በጥድፊያ አይገኝም። በብዙ ፕሮዳክሽኖች አቀናባሪው የሚጠራው ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ነው። እስከዚያ አዘጋጁ ከሌላ ፊልም በተዋሰው ጊዜያዊ ሙዚቃ ሲያርትዕ ይከርምና ጆሮው ይለምደዋል፤ ከዚያ "ይህን የመሰለ ሥራልኝ" ይላል። ይህ አቀናባሪውን ገልባጭ ማድረግ ነው። ገና በረቂቅ ሥዕል ደረጃ፣ አኒማቲኩ (ረቂቅ ሥዕሎቹ በየጊዜ ልካቸው ተሰልፈው የሚታዩበት ቪዲዮ) ሲሠራ ይጠራ። ያኔ "እዚህ ጋ ሙዚቃ አያስፈልግም፣ ሰውየው ትንሽ ይቁም" ለማለት ጊዜ አለው፤ ሠዓሊውም እነዚያን 48 ፍሬሞች ይጨምርለታል።