ተማሪዋን የሚፈትናት ማን ነው?

የቱሉ ዲምቱና የኮዬ ፈጬ ሰዎች፣ ጎረቤቶቼ! ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ወንበሬ ላይ ተኝታችሁ «አይዞዎት፣ አያምም» ስል የምታውቁኝ፣ ዛሬን ብቻ ታገሱኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ከአስፋልቱ ዳር ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ለልምምድ ከወጡ የጥርስ ሕክምና ተማሪዎቼ ጋር ነበርኩ። አንድ ሰውዬ ጉንጩን ይዞ ገባ። ተማሪዋ ተቀብላ መጠየቅ ጀመረች። ከመቼ ጀምሮ ነው? ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ሕመሙ ቶሎ ይለቃል ወይስ ይቆያል? ሌሊት ይቀሰቅስዎታል? ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ሰውየው «የኔ ልጅ፣ ዋናው ሐኪም የለም እንዴ? አሞክሳሲሊን ጻፊልኝና ልሂድ» አላት። የሕክምና መመሪያውን ለማየት ስልኳን ስታወጣ ደግሞ በር ላይ ተራ የምትጠብቁት ተሳሳቃችሁ። «ከቲክቶክ ልታክመው ነው» ያላችሁም ነበራችሁ። ልጅቷ ደንግጣ ስልኩን ኪሷ ከተተችው።

ያስከተታችኋት እናንተ ናችሁ። ምን ልታይ እንደነበር እንኳ አልጠየቃችሁም።

እ.ኤ.አ. በ1996 ዴቪድ ሳኬት የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ በማስረጃ ላይ የተመሠረተ ሕክምና ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ ጻፉ። እኔ ለተማሪዎቼ ሳስረዳ በጉልቻ ነው የምመስለው። አንዱ ጉልቻ በጥናት የተገኘው የተሻለ ማስረጃ ነው። ሁለተኛው የሐኪሙ ልምድና እጅ ነው። ሦስተኛው የታካሚው ሁኔታና ምርጫ፣ ማለትም እናንተ። እናንተ ስትጎድሉ ድስቱ ተንጋዶ ወጡ ሲፈስ «ተማሪ አበላሸኝ» የምትሉትም እናንተው።

«እንግዲያው የኔ ምርጫ አሞክሳሲሊን ነው» የሚል ብልጥ አይጠፋም። ምርጫ ማለት ለሐኪም ማዘዣ ማዘዝ አይደለም። ጥርሱን እንንቀለው ወይስ ነርቩን አጽድተን እናቆየው ስትባሉ ገንዘባችሁን፣ ጊዜያችሁን፣ ፍርሃታችሁንም አስባችሁ መመለስ ነው። ያን ግን «አንተ ታውቃለህ ዶክተር» ብላችሁ ታልፉታላችሁ። የእናንተ የሆነውን ለእኛ ትጥላላችሁ፣ የእኛ የሆነውን ትወስዳላችሁ።

የተማሪን እውቀት መለካትማ እኛም እንለካለን። ቀላሉ መንገድ መጠይቅ በትኖ «ጥናትን መመዘን ያውቃሉ?» ማለት ነው። ሁሉም «አዎ» ላይ ምልክት ያደርጋል። እኔም ተማሪ ሳለሁ አድርጌያለሁ፤ አላውቅም ነበር። ሰው ስለራሱ እውቀት የሚሰጠው ምስክርነትና ሲፈተን የሚያሳየው ብዙ ጊዜ አይገጥምም። እ.ኤ.አ. በ2003 ይፋ የሆነው የፍሬስኖ ፈተና በዚህ ይሻላል። ለተፈታኙ የታካሚ ታሪክ ሰጥቶ፣ ከታሪኩ ጥያቄ እንዲያወጣ ያዘዋል፦ በሽተኛው ማን ነው፣ ምን እናድርግለት፣ ከምን ጋር እናወዳድረው፣ ምን ውጤት እንጠብቅ? ከዚያ መልሱን የት እንደሚፈልግና ያገኘውን ጥናት እንዴት እንደሚመዝን በራሱ ቃል ይጽፋል፤ ከ212 ይታረማል።

ከ212 ሁለት መቶውን ያገኘች ልጅ እናንተ ፊት ስትቆም ግን ሌላ ፈተና ይጠብቃታል። ፈታኞቹ እናንተ ናችሁ፣ ወረፋ ላይ ቆማችሁ። የእናንተን ፈተና ለማለፍ ደግሞ ያወቀችውን መርሳት አለባት፦ ሳትጠይቅ መንቀል፣ ሳታይ መጻፍ፣ ቶሎ ማሰናበት። «ጎበዝ ናት፣ እጇ ፈጣን ነው» የምትሏት ያኔ ነው።

የሰውየውን ጥርስ እንመልከት። የጥርስ ነርቭ ሲቆጣ የሚያብጠው በጠንካራ ግድግዳ መሃል ታፍኖ ነው። የደም ዝውውሩ ስለሚዳከም የተዋጠ ክኒን እንደሚገባ አይደርሰውም። መፍትሔው ጥርሱን ከፍቶ ነርቩን ማጽዳት ወይም ጥርሱን መንቀል ነው። የሕክምና ጥናቶችን እየሰበሰበ የሚመረምረው ኮክሬን በዚህ ጉዳይ ላይ የመዘነው 40 ሰዎች የተሳተፉበትን አንድ ትንሽ ጥናት ነው፤ የአሞክሳሲሊን ዘመድ የሆነውን ፔኒሲሊን የወሰዱትና መድኃኒት የሌለው ባዶ ክኒን የወሰዱት ሕመማቸው የጎላ ልዩነት አልነበረውም። «40 ሰው ምን አላት?» የሚለኝ ተማሪ ካለ ግንባሩን እስመዋለሁ፤ ማስረጃ መመዘን ማለት ይኸው ነውና። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ የሰውነቱ መከላከያ ያልተዳከመ አዋቂ ጥርሱን መታከም እስከቻለ ድረስ ለእንዲህ ያለው ሕመም አንቲባዮቲክ እንዳይሰጠው ይመክራል። ትኩሳት፣ እየሰፋ የሚሄድ እብጠት፣ አፍ አልከፈት ማለት ወይም ለመዋጥ መቸገር ከመጣ ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ወረፋም አትጠብቁ፣ ሆስፒታል ሩጡ።

እናንተ ግን አሞክሳሲሊንን እንደ በርበሬ ከጎረቤት ትበደራላችሁ። ሦስት ፍሬ ውጣችሁ ሲሻላችሁ የቀረውን ለሚቀጥለው ጥርስ ታስቀምጣላችሁ። ስትጠየቁ ደግሞ «ምንም አልወሰድኩም»። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያላችሁ ለልጆቻችሁ የምትተርቱት እናንተው አይደላችሁም?

ከዚህ የከፋም አለ፣ እሱን ሳልናገር አልሄድም። ሕፃን ተቅማጥና ትኩሳት ሲይዘው «ግግ ወጥቶበት ነው» ብላችሁ በየሰፈሩ ለሚነቅል ሰው የምትወስዱ አላችሁ። ኮንዶሚኒየም ገብታችሁ፣ ሳሎናችሁ ውስጥ ትልቅ ቴሌቪዥን ሰቅላችሁ! ድዱ ላይ አብጦ ነጣ ብሎ የሚታየው፣ እናንተ ትል ነው የምትሉት፣ ገና ያልወጣ የክራንቻ እንቡጥ ነው። ባልጸዳ ምላጭ ወይም በጋለ ሽቦ ሲነቀል ሕፃኑ ይደማል፣ ይመረቅዛል። ከሥሩ ያለው ቋሚ ጥርስ ሊበላሽ ይችላል፤ በዚሁ ሰበብ የሞቱም ሕፃናት አሉ። የ1997ቱ የወንጀል ሕግ እንጥል መቁረጥንና የወተት ጥርስ ማውጣትን ከጎጂ ልማዶች ጋር በስም ጠርቷቸዋል። በተቅማጥ ሕፃናት የሚሞቱት ውኃ አጥተው ስለሆነ የሚያስፈልገው ኦአርኤስ፣ ዚንክና ያልተቋረጠ ጡት ነው። ጤና ጣቢያው ደግሞ እዚያው አጠገባችሁ ነው። አንዷ ተማሪዬ ይህን ብላ አንዲትን እናት ልትመልስ ስትሞክር «አንቺ ወልደሽ ታውቂያለሽ?» ተባለች።

አልወለደችም። አንብባለች።

«ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያነቃንቃል» የሚለውንም ሰምቻለሁ። ያነቃነቀው ጥርሱ ላይ ተጋግሮ ድዱን ያራቀው ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩ ሲነሳ የነበረው መላላት ይገለጣል። ይህን በሌላ ቀን እንነጋገርበታለን።

የሙያ ባልደረቦቼም አታመልጡም። «20 ዓመት እንዲህ ነው የሠራሁት» እያላችሁ የተማሪ ጥያቄ አታፍኑ፤ አንድን ስህተት 20 ዓመት መድገምም ይቻላል። የሚነበብ የለም አትበሉ፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ሂናሪ በተባለው ፕሮግራሙ በኩል እንደኛ ላሉ አገሮች ተቋማት የሕክምና መጽሔቶችን ከፍቷል። ኔትወርክ የለም ካላችሁኝ ግን አምናችኋለሁ። እኔም ይህን የምጽፈው መብራት ጠፍቶ ነው።

ወደ ማክሰኞው ሰውዬ ልመለስ። «ጋሼ፣ ይቀመጡና ይመልሱላት» አልኩት ቆጣ ብዬ። ተቀመጠ። ጎረቤት የሰጠውን አሞክሳሲሊን አራት ቀን እንደዋጠና ስኳር እንዳለበት ያኔ ነው የተናገረው። ስኳሩ ብቻውን ስንት ነገር ይለውጣል! ቅድም ማዘዣ ይዞ ቢወጣ ማን ሊያውቅ ነበር? ልጅቷ ስኳሩን ለካች፣ ልከኛ ሆኖ አገኘችው። ትኩሳትም እብጠትም እንደሌለው አረጋገጠች። ስልኳን እንደገና አውጥታ አንድ ነገር አየች፤ በዚህ ጊዜ የሳቀ አልነበረም። ከዚያ አደንዝዛ ጥርሱን ከፈተችው።

ስትጨርስ ሰውየው ጉንጩን ዳሰስ አደረገና «እጅሽ ይባረክ» አላት። የሕመም ማስታገሻ ብቻ ጻፈችለት። በመስኮት ስመለከት ከፊት ለፊቱ መድኃኒት ቤት ገባ። ማዘዣውን ከኪሱ አላወጣም፤ በጣቱ ከሻጩ ጀርባ ያለውን መደርደሪያ ያሳየዋል።